አንዳንዴ ስለሚመጣ ብልሽት፦ የማኅበራችን መኪና ጉዳይ

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ የገንዘብ ያዡ ሪፖርት በተሰማበት ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ ጥያቄ ያስነሣው የመኪናዋ ወጪ እንደ ነበር የተገኙ አባላት ሁሉ ያስታውሳሉ። በአምስት ወር ውስጥ አንድ ባትሪ፣ አንድ ያገለገለ ዲናሞና አንድ ሞተሪኖ ተገዝቶ፣ የእጅ ዋጋ ሳይጨመር 290 ዶላር ወጥቶ ሳለ፣ መኪናዋ አሁንም አንዳንድ ቀን አልነሣም ትላለች መባሉ ብዙዎቻችንን አስቆጥቷል። «የተበላሸችው መኪናዋ ናት ወይስ ነጂው?» የሚል ጥያቄም ከአዳራሹ ተሰንዝሮ ነበር። ክርክሩ ማለቂያ ስላጣ የዝግጅት ክፍላችን ጉዳዩን ከሥሩ አጥንቶ ለአባላት እንዲያስረዳ ተወሰነ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው።

መልሱን ከመጀመሪያው እንናገር። ከተገዙት ሦስት ዕቃዎች አንዱም አያስፈልግም ነበር። ጥፋቱ የተገኘው ሞተሩን ከመኪናዋ አካል ጋር በሚያገናኝ፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ በማይሞላ ሽቦ ላይ ሲሆን ለአዲሱ ሽቦ የከፈልነው 6 ዶላር ነው። ታዲያ ይህን ለማግኘት አምስት ወር ለምን ፈጀ? ሦስት ጋራዥ ያየውን ነገር እንዴት ሳያገኘው ቀረ? ጥያቄው የእኛን አንዲት አሮጌ መኪና ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከመካከላችን እዚህ ቤይሩት መኪና እየነዳ የትምህርት ወጪውን የሚሸፍን አለ፤ ተመርቆ ሲወጣ ያገለገለ መኪና የሚገዛም ብዙ ነው። ስለዚህ ነገሩን ዘርዘር አድርገን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየን።

መኪናዋን ለማያውቁ አዲስ አባላት፣ በ1999 (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተሠራች፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ፣ በቤንዚን የምትሠራ መኪና ናት። ተመርቆ የሄደ አንድ ወንድማችን ነው ለማኅበሩ የተወልን። ሥራዋም የሚታወቅ ነው፤ በእኩለ ሌሊት አውሮፕላን የሚመጣ ተማሪ መቀበል፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ የታመሙ እህቶቻችንን ወደ ክሊኒክ ማድረስ፣ ሻንጣና መጽሐፍ ማመላለስ። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶች በስንት መከራ ያገኟትን የግማሽ ቀን ዕረፍት መንገድ ላይ ቆመው ሊያሳልፉ እንደማይገባ ማንም ይረዳል።

ብልሽቷ እንዲህ ነበር። ቁልፉ ሲዞር ከኮፈኑ ሥር አንዲት «ጠቅ» ብቻ ትሰማለች፤ ሞተሪኖው አይዞርም። ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ወይም አላፊ አግዳሚው ገፋ ገፋ ሲያደርጋት፣ ምንም እንዳልነካት ሆና ትነሣለች። ጋራዥ ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብላ አታውቅም። በየካቲት ወር አንዲት እህታችን በሆድ ሕመም ተይዛ ሌሊት አሽረፊየ ዳገት ላይ ወዳለ ሐኪም ቤት ተወሰደች። አልጋ የለም ተብሎ ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ሂዱ ሲባል መኪናዋ እዚያው ደጃፍ ላይ «ጠቅ» ብላ ቀረች። ታማሚዋ በታክሲ ተወስዳ በሰዓቱ ደረሰች፤ ዛሬ በደኅና ናት። በማግሥቱ ግን ሌሎች ሁለት አባላት ሄደው ቁልፉን ቢያዞሩት መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሣች። ነጂያችን የሌሊት ሥራ ሰልችቶት ነው የሚለው ሐሜት የተወለደው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። የተሰበረ ጎማ ለማንም ይታያል፤ ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ የሚጠፋ ብልሽት ግን ያየውን ሰው ውሸታም ያሰኘዋል።

ለምን ይመጣል፤ ለምንስ ይጠፋል?

የኤሌክትሪክ ጉልበት ሄዶ የሚቀር ሳይሆን ዞሮ የሚመለስ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ተነሥቶ በመብራቱ ወይም በሞተሪኖው ውስጥ አልፎ ወደ ኔጋቲቩ ጫፍ መመለስ አለበት። በመኪና ላይ ለመመለሻው ለየብቻ ሽቦ አይዘረጋም፤ የመኪናው ብረት አካል ራሱ የጋራ መመለሻ መንገድ ይሆናል። ይህን የመመለሻ ወገን ባለሙያዎቻችን «ማሳ» ይሉታል። እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሞተሩ በአካሉ ላይ የተቀመጠው በላስቲክ ነው፤ ላስቲክ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያገናኝ ወፍራም የመዳብ ሽቦ የግድ ያስፈልጋል። ሞተሪኖውም ዲናሞውም በሞተሩ ላይ የታሰሩ በመሆናቸው ሁለቱም የሚመለሱት በዚያው ሽቦ ነው።

ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ሕግ እዚህ ላይ ሥራውን ይሠራል። በአንድ መጥፎ መገጣጠሚያ ላይ የሚጠፋው ቮልት፣ በዚያ የሚያልፈው አምፔር በመገጣጠሚያው ኦም ሲባዛ የሚገኘው ነው። ዝገቱ 0.03 ኦም ብቻ ፈጠረ እንበል። 5 አምፔር ሲያልፍበት የሚጠፋው 0.15 ቮልት ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ሞተሪኖ ግን ሞተር ሲያስነሣ 150 አምፔርና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል። 150 በ0.03 ሲባዛ 4.5 ቮልት ነው፤ 12 ቮልት ካለው ባትሪ ላይ ይህን ያህል መንገድ ላይ ከቀረ ሞተሪኖው በምን ጉልበት ይዞራል? በአንድ ግንድ በተሠራ ድልድይ ላይ እግረኛ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል፤ የጭነት መኪና ሲመጣ ነው ድልድዩ ድልድይ እንዳልነበረ የሚታወቀው። በዚህ ምክንያት በቴስተር ብቻ ለክቶ «12.6 ቮልት አለ፤ ሽቦው ደኅና ነው» ማለት ያሳስታል። ቴስተር ራሱ የሚስበው እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ፣ ከመቶ ክሩ አንዷ ብቻ በቀረች ሽቦም ሙሉ ቮልት ያሳያል። ሽቦ የሚፈተነው ሸክም ይዞ ነው። ለመብራት ሽቦዎች 55 ዋት የሆነ የፊት መብራት አምፖል በሁለት ቁራጭ ሽቦ አስሮ ጭነት ማድረግ ይቻላል፤ 4.5 አምፔር ያህል ይስባልና አምፖሉ ከደበዘዘ ሽቦው ታሟል።

ብልሽቱ ሁልጊዜ ሳይሆን አንዳንዴ የሚሆንበት ምክንያት መገጣጠሚያው ሙሉ በሙሉ ስላልተቆረጠ ነው። ሙቀት ብረቱን ያስፋፋዋል፤ መንቀጥቀጥ የላላውን ያነካካዋል፤ እርጥበት በዝገቱና በቆሻሻው መካከል ሌላ መንገድ ይከፍታል፤ ሸክም ሲበዛ ደግሞ የተደበቀው ይገለጣል። እነዚህ አራቱ ሲለዋወጡ መገጣጠሚያው አንዴ ይገናኛል፣ አንዴ ይለያያል። እንደ ቤይሩት ባለ የባሕር ዳር ከተማ የጨው አየር መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ ሲበላው መኖሩ ታክሎበት ነገሩ በደጋ ካለው ይብሳል።

አሁን ወደ ሦስቱ ዕቃዎች እንመለስ። የመጀመሪያው ጋራዥ ባትሪው አርጅቷል አለ፤ ተለወጠ። መኪናዋ አሥራ ሁለት ቀን ያለ እንከን ሠራችና ዳነች ተባለ። እንደገና ስታስቸግር ሁለተኛው ጋራዥ ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ ለክቶ ከ13 ቮልት በታች አገኘ፤ ደኅና ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ሊያሳይ ስለሚገባው ዲናሞው ደክሟል ብሎ ፈረደ። ሦስተኛው «ጠቅ» የሚለው ሞተሪኖው ነው አለ። አንዳቸውንም ሌባ ልንላቸው አንችልም፤ እያንዳንዱ ያየውን ተመርኩዞ ገመተ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላም መኪናዋ ለጥቂት ቀን ሠርታለች። ለምን ቢባል፣ ዕቃ ሲፈታና ሲታሰር የታመመው ሽቦ ይነካካ ነበር፤ ደግሞም በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ብልሽት ምስጋናውን የሚሰጠው ሊጠፋ ሲል ለተደረገው ነገር ነው። ጉንፋን በሰባተኛው ቀን ሊለቅ ሲል የተጠጣ ሻይ መድኃኒት ተብሎ እንደሚወደስ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። ብልሽቱ ከአሥር ማስነሣት በአንዱ የሚከሠት ከሆነ፣ ምንም ሳይጠገን አምስት ጊዜ በተከታታይ በሰላም የመነሣት ዕድሏ ከመቶ 59 ነው። አምስት ጊዜ ተነሣች ብሎ «ተጠገነች» ማለት እንግዲህ ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይሻልም። በዕድል የመሆኑን ነገር ከመቶ አምስት በታች ለማውረድ 29 ተከታታይ ማስነሣት ይጠይቃል። የገንዘብ ኮሚቴያችን ዲናሞው ከተለወጠ በኋላ የጠበቀው ስድስት ማስነሣት ነበር።

ደብተሩ

ከዚያ በኋላ ገንዘብ ማውጣት ቆመና በመኪናዋ ኪስ ውስጥ አንድ ደብተር ተቀመጠ። ነጂ ሁሉ ቁልፍ ባዞረ ቁጥር፣ ብትነሣም ባትነሣም፣ እንዲጽፍ ተደረገ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከዚያ በፊት ስንት ደቂቃ እንደ ተነዳች፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን፣ መብራት በርቶ እንደ ነበር፣ እንዴት እንደ ቆመች፣ ምን ድምፅ እንደ ተሰማ፣ የዳሽቦርዱ መብራት ምን እንደ ሆነ። «ብትነሣም» የምትለዋ ቃል ቀላል መስላ ብዙ ታከራክራለች፤ ደኅና የሆነበትን ቀን ካልጻፍን የታመመችበትን ቀን ከምን ጋር እናስተያያለን?

በስድስት ሳምንት 118 ማስነሣት ተጻፈ፤ 11 ጊዜ እምቢ ብላለች። በመጀመሪያ ዓይናችንን የሳበው ሌሊቱ ነበር፤ ከአሥራ አንዱ ስምንቱ ከመሸ በኋላ ነውና መብራቱ ባትሪውን እየጨረሰው ነው አልን። ግን ከመሸ በኋላ በሰላም የተነሣችበት ጊዜም ከኀምሳ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሙቀቱንም ጠረጠርን፤ ወደ በቃዕ የሚወስደውን ተራራ ወጥታ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ላይ ቆማ አንዴ እምቢ ብላ ነበርና። ይህም አልጸና፤ ከዚያ ይልቅ በሞቀች ጊዜ ብዙ ጊዜ ተነሥታለች። በመጨረሻ ነገሩን የለየችው የአንደኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ የሆነች እህታችን ናት። «እንዴት እንደ ቆመች» የሚለውን ዓምድ ለብቻው ገልብጣ፣ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርጋ የቆመችበትን ቆጠረች፤ 14 ሆነ። አሥራ አንዱም እምቢታ እዚያው ውስጥ ወደቀ። በሜዳና በቁልቁለት ላይ 104 ጊዜ ተነሥታ አንድ ጊዜ እንኳ አላስቸገረችም።

የሐኪም ቤቱ መንገድ ዳገት ነው። የጋራዥ ወለል ሁሉ ደግሞ ሜዳ ነው።

ደብተሩ ሌላም ሁለት ነገር ይዞ ነበር፤ እኛ ግን አንብበን አልፈነዋል። አንደኛው፣ «ጠቅ» በምትልበት ጊዜ የዳሽቦርዱ መብራት አይደበዝዝም የሚል ነው። ባትሪ የደከመ እንደ ሆነ ሞተሪኖው ሲስብ መብራቱ ሁሉ ይፈዛል ወይም ይጠፋል፤ መብራቱ እንደ ደመቀ ከቀረ ግን ባትሪው ጉልበት አለው፣ ጉልበቱ ወደ ሞተሪኖው እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በመካከላችን ቢኖር ባትሪ ባልተገዛ ነበር። ሁለተኛውን ነጂያችን በማስታወሻው ዓምድ ሦስት ጊዜ ጽፎታል፤ «የቤንዚን ፔዳሏ ይከብዳል።» ይህን ማንም ከቁም ነገር አልቈጠረውም።

ዳገቱ ላይ

ደብተሩን ይዘን ቡርጅ ሐሙድ ወደሚገኝ አንድ አረጋዊ አርመናዊ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሄድን። እንደ አገሩ ልማድ «ሙዓሊም» ብለን ሰላምታ ሰጠን። የዓረብኛውን ጽሕፈት ስናነብለት ሰማና ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት፣ «ልጆቼ፣ ታማሚዋን አልጋዋ ላይ ካልሆነ አላያትም፤ ወደምትታመምበት ውሰዱኝ» አለ። ቴስተሩንና አንድ የባትሪ ማጋሪያ ገመድ ይዞ ከእኛ ጋር ወጣ።

መኪናዋን በሐኪም ቤቱ ዳገት ላይ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርገን አቆምናት። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ያዘና ቁልፉን አዙሩ አለ። ሁለቱ ነጥቦች በማሳ የተገናኙ ስለሆኑ ሞተሪኖው በሚስብበት ጊዜ በመካከላቸው ሊታይ የሚገባው ከ0.2 ቮልት የማይበልጥ ነው። «ጠቅ» አለች፤ ቴስተሩ ከ4 ቮልት በላይ አሳየ። ሙዓሊሙ ምንም አልተናገረም። የማጋሪያውን ገመድ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ላይ አሰረና እንደገና አዙሩ አለ፤ ወዲያው ተነሣች። አጠፋት፣ ገመዱን ፈታ፤ «ጠቅ»። አሰረ፤ ተነሣች። ይህን ሦስት ጊዜ መላልሶ አሳየን።

በእኛ አስተያየት ጉዳዩ ያለቀው ሽቦው ሲለወጥ ሳይሆን በዚህች ሰዓት ነው። ብልሽቱን ስንፈልግ ማምጣት ስንፈልግ ማጥፋት የቻልነው ያን ጊዜ ብቻ ነበርና። ዕቃ ለውጦ መጠበቅ ግማሽ ማስረጃ እንኳ አይሆንም፤ ከላይ ያለው ሒሳብ ምክንያቱን ያሳያል።

ከዚያ ኮፈኑ ሥር ገብቶ አሳየን። ከሞተሩ ወደ አካሉ የሚሄደው የተጎነጎነ መዳብ ከብሎኑ ሥር አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል፤ ከክሮቹም አብዛኞቹ ተቆርጠዋል። ሞተሩ ከተቀመጠባቸው ላስቲኮች አንዱ በእርጅና ስለ ሟሸሸ መኪናዋ ሽቅብ ስትቆም ሞተሩ ጥቂት ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ የቀሩት ክሮች ይወጠራሉ፣ ከብሎኑም ይላቀቃሉ። አላፊ አግዳሚው ሲገፋት ሞተሩ ተነቃንቆ ክሮቹ ይነካካሉ፤ እኛም ገፊዎቹን እናመሰግናለን። ዲናሞውም ኃይሉን ወደ ባትሪው ለማድረስ መመለሻው ይኸው ሽቦ ነበርና ሁለተኛው ጋራዥ በባትሪው ላይ ያነበበው ዝቅተኛ ቮልት እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ዲናሞው አልነበረም። በዲናሞው ላይ አንዴ፣ በባትሪው ላይ አንዴ ለክቶ ልዩነቱን ቢያይ ኖሮ ይደርስበት ነበር።

በመጨረሻ ሙዓሊሙ የቤንዚን ፔዳሉን ገመድ ከላይኛው ጫፍ ፈቶ መዘዘው። ገመዱ በሚሮጥበት ቱቦ ውስጥ ያለው ላስቲክ ቀልጦ ተጣብቋል። ኤሌክትሪኩ የራሱ መንገድ ሲዘጋበት በዚህ ቀጭን የብረት ገመድ በኩል ወደ አካሉ ሲመለስ፣ ገመዱን እንደ ምድጃ ሽቦ ሲያሞቀው ኖሯል። «ፔዳሏ ይከብዳል» ያለው ሰው በእግሩ የሚያውቀውን ነበር የጻፈው። ገመዱ አንድ ቀን መንገድ ላይ ተጣብቆ ቢቀር ምን ይሆን እንደ ነበር ማሰብ አንፈልግም፤ እሱም በዚያው ሳምንት ተለወጠ።

ሽቦው ከተለወጠ በኋላ እስከ አሁን 46 ጊዜ ተነሥታለች፤ ከእነዚህ ውስጥ 15ቱ ሆን ተብሎ በዚያው ዳገት ላይ የተደረጉ ናቸው። የላስቲኩ ዋጋ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት በጀት ተላልፏል።

ስለ ሌሎች መሰል ብልሽቶች

ጉዳዩን ስናጠና የሰማናቸውንና ያነበብናቸውን ሌሎች ሁኔታዎችም በአጭሩ እናነሣለን። ሞተሩ ሲሞቅ ቀጥ ብሎ ጠፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት ሲቀዘቅዝ የሚነሣ ከሆነ በሞተሩ ዘንግ አጠገብ ዙሩን የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ አለዚያም የካንዴላውን ኮይል መጠርጠር ይገባል፤ በውስጣቸው ያለው ቀጭን ሽቦ ሲሞቅ ይለያያል። ሪሌም በውስጡ ያለው ብየዳ በፀጉር ክር ያህል ተሰንጥቆ በፀሐይ ቀን የነዳጁን ፓምፕ ሊያቆም ይችላል። እነዚህን የፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አየር እያነፈሱ ብልሽቱን መጥራት ይቻላል። (ማድረቂያውን ከሴቶቹ መኖሪያ የወሰዳችሁ እባካችሁ መልሱ፤ ለዝግጅት ክፍላችን አቤቱታ ደርሶናል።) በዝናብ ቀን ለሚመጣው ደግሞ ሞተሩ እየሠራ በከፍተኛ ቮልት ሽቦዎቹ ላይ ጤዛ ያህል ውኃ ከራቅ ብሎ መርጨት፣ በጨለማም ብልጭታ መመልከት ነው፤ እጅ ግን ከዚያ መራቅ አለበት። በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚመጣ የሚሄድ ነገር ከሆነ ከበሩ ማጠፊያ አጠገብ በላስቲክ ቱቦ ውስጥ የሚያልፉት ሽቦዎች ሺህ ጊዜ ታጥፈው ተቆርጠው ይገኛሉ። የሽቦ ጥቅል ሲመረመር ሞተሩ እየሠራ፣ መጀመሪያ ከአንድ ጫፍ ጥቂት በጥቂት እየነቀነቁ መሄድ፣ ሌላ ሰው ደግሞ በዚያ ሽቦ ላይ የታሰረውን አምፖል ዓይኑን ሳይነቅል መመልከት አለበት። ርካሽ ቴስተር ቁጥሩን ቀስ ብሎ ስለሚለውጥ ቅጽበታዊ መቋረጥ ያመልጠዋል፤ አምፖል ግን ይርገበገባል።

ጠዋት ጠዋት፣ ያውም አንዳንድ ጠዋት ብቻ፣ ባትሪው አልቆ ለሚገኝ መኪና ጉዳዩ ሌላ ነው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ መኪናው የሚስበው በአብዛኛው ከ0.05 አምፔር መብለጥ የለበትም። ግማሽ አምፔር የሚስብ ነገር ካለ 60 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ በሁለት ቀን ተኩል ግማሹን ይጨርሰዋል። በአዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ኮምፒውተሮቹ ከተቆለፉ በኋላ ለመተኛት ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድባቸው ስለሚችል ወዲያው መለካት ያሳስታል። ፊውዝ እየነቀሉ መፈለግም ያልተኛውን ኮምፒውተር ያስተኛውና ብልሽቱን ይደብቀዋል፤ ፊውዙን ሳይነቅሉ በሁለቱ ራሶቹ መካከል ያለውን ሚሊቮልት መለካት ይሻላል። ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ መኪና፣ ከ2001 ጀምሮም በአውሮፓ የሚሸጥ የቤንዚን መኪና፣ ከመሪው አጠገብ የመመርመሪያ ሶኬት እንዲኖረው በሕግ ተደንግጓል። መሣሪያው ኮድ ብቻ ሳይሆን ብልሽቱ በተመዘገበበት ቅጽበት የሞተሩን ሙቀት፣ ዙርና ፍጥነት ጭምር ሊይዝ ይችላል፤ መኪናው ራሱ ደብተር ይጽፋል ማለት ነው። ኮዱን ሳይገለብጡ ማጥፋት ያንን ገጽ ቀድዶ እንደ መጣል ነው። ኮዱ የሚጠራውን ዕቃ ወዲያው መግዛትም ስሕተት ነው፤ ኮዱ የሚናገረው በዚያ መስመር ላይ ችግር መኖሩን እንጂ ዕቃው መበላሸቱን አይደለም።

ሽቦ ለሚከታተሉ ደግሞ የአውሮፓ መኪናዎች በዲን 72552 ደረጃ ቁጥር ይጽፋሉ፦ 30 ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ፣ 15 ቁልፍ ሲዞር የሚመጣ፣ 31 ማሳ፣ 50 የሞተሪኖ ትእዛዝ ነው። በሪሌ ላይ 85ና 86 የጠመዝማዛው ሽቦ ጫፎች፣ 30 መግቢያው፣ 87 መውጫው ናቸው።

ሊደረግ የማይገባውንም እንጥቀስ። ዲናሞ ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ የመንቀል ልማድ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። በድሮ መኪና ያለፈ ቢመስልም ቮልቱ በድንገት ዘልሎ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ፊውዝ ሲቃጠል ከፍ ያለ ቁጥር መተካት ወይም በሲጋራ ወረቀት መጠቅለል ሽቦውን ፊውዝ ያደርገዋል፤ 10 አምፔር ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 30 አረንጓዴ ነው፤ ቀይ በነበረበት ቦታ ቀይ ይመለስ። የሽቦን ልባስ በመርፌ ወግቶ መለካትም በጨው አየር ውስጥ ለሚቀጥለው ዓመት ብልሽት መዝራት ነው። ቢጫ ልባስ ያላቸውን የኤርባግ ሽቦዎች ፈጽሞ አትንኩ።

ስለ ነጂያችን የተባለውን በተመለከተ፣ በጠቅላላ ስብሰባው የተሰነዘረው ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ውስጥ ተጽፏል። ሥራ አስፈጻሚው የዚህን ጥናት ውጤት ከዚያው ቃለ ጉባኤ ጋር እንዲያያዝ አድርጓል፤ ሐሜቱን ያሰራጨን አባላትም፣ የዝግጅት ክፍላችን ሁለት ሰዎች ጭምር፣ ቤቱ ሄደን ይቅርታ ጠይቀነዋል። ቡና አፍልቶ ተቀበለን፤ «እኔም እኮ ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር» አለን።

የወጡት ሦስት ዕቃዎች በማኅበሩ ቢሮ ይገኛሉ። ዲናሞውና ሞተሪኖው ተፈትነው ደኅና ስለ ሆኑ ለመሸጥ ታስቧል፤ የሚፈልግ ገንዘብ ያዡን ያነጋግር። ደብተሩ አሁንም በመኪናዋ ኪስ ውስጥ ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ የኋላ ግራ መብራቷ አንዳንዴ እንደሚጠፋ ሦስት ነጂዎች ጽፈዋል፤ ሁለቱ የዕቃው ክፍል በሻንጣ ተሞልቶ እንደ ነበር ሲያስታውሱ ሦስተኛው ግን ያን ዓምድ ባዶውን ትቶታል። ማንነቱን በእጅ ጽሕፈቱ ስላወቅነው መጥቶ ይሙላልን።